የእንዶዳማ ስንዝር

እንዶዳማ በሚባለው አገር መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው ዛሬም ቢሆን ከብራናው ዳር አንድ ሙሉ ስንዝር ባዶ ይተዋል። የሌላ አገር ጸሐፊዎች ይህን ሲያዩ «እዚህስ የፍየል ቆዳ ተርፏል መሰለኝ» እያሉ ያሾፋሉ፤ የእንዶዳማ ሰዎችም አብረው ይስቃሉ እንጂ ስንዝራቸውን አይቀንሱም። የነገሩን መነሻ ሽማግሌዎቹ እንዲህ ይናገራሉ።

በጥንት ዘመን መሪጌታ ስነ ጊዮርጊስ የሚባሉ፣ እጀ መልካም፣ ኩራት ቢጤም የማያጣቸው ጸሐፊ ነበሩ ይባላል። አገሩ እንዴት እንደቀና የሚናገረው አሮጌ መጽሐፍ ስላረጀ እንዲገለብጡት ተሰጣቸው። ዳርና ዳሩ ያለፉት የመጽሐፉ ጠባቂዎች በጫሩት ማስታወሻ ተሞልቶ ነበርና መሪጌታ «ገጹን አቆሸሹት» ብለው መካከሉን ብቻ ጻፉ። የአሮጌውን መጽሐፍ ቅጠሎችም ከአዲሱ መጽሐፍ ሽፋን ቆዳ ሥር ለመደልደያ ከተቷቸው። ውበቱን ያላደነቀ ሰው አልነበረም።

ከሃያ ዓመት በኋላ ዝናብ ጠፋ፤ ወንዙም ደረቀ። በመጽሐፉ ላይ ግን አባቶች በጦርነት ጊዜ በጠፍጣፋ ድንጋይ ስለ ከደኑት ምንጭ «ከሾላው በምሥራቅ በኩል ስልሳ እርምጃ» የሚል ተጽፎ ነበር። በአገሩ ያለው ሾላ አንድ፣ እሱም የገበያው ሾላ ነው። ለክተው ቆፈሩ፤ አለት ሆነ። እርምጃው የረጅም ሰው ይሆናል ብለው ጥቂት አልፈው ቆፈሩ፤ አሁንም አለት። በዘጠነኛው ቀን ሰዉ አገር ለቆ ለመሄድ ዕቃውን መጫን ጀመረ።

እንደሚነገረው፣ ትርንጎ የተባሉ ባልቴት አህያቸውን ጭነው ሲያልፉ ከመሪጌታ ደጅ ቆሙ።

«አባቴ፣ እርስዎ የሚቀሩ ከሆነ የባለቤቴን መቃብር አደራ፤ አረም እንዳይውጠው» አሉ።

ለመሪጌታ በአሮጌው መጽሐፍ «ከሾላው» ከሚለው ቃል ጎን ረዘም ያለ ማስታወሻ እንደነበረ ትዝ ብሏቸዋል፤ ምን እንደሚል ግን አላነበቡትም። ይህን ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም። ዝም ቢሉ ማንም አይጠይቃቸውም፤ ቢናገሩ ግን የሃያ ዓመት ስማቸው በአንድ ጠዋት ማለቁ ነው። ፈሩ፣ አፈሩም።

በመጨረሻ «ጭነቱን ያውርዱ፣ እሜቴ» አሉ። «ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሕዝቡ በተሰበሰበበት ያን የተደነቀ ሽፋን በቢላ ቀደዱትና ከሥሩ የወጣውን ቅጠል ዘርግተው ዳሩን አነበቡ። «ሾላው በመብረቅ ወድቋል። ጉቶው ከላይኛው አውድማ ሥር ነው። የገበያውን ሾላ ለጥላ የተከልኩት እኔ ነኝ፤ የሚመጣ ሰው እንዳይሳሳት» ይላል። ከጉቶው ስልሳ እርምጃ ቆጥረው ሲቆፍሩ ድንጋዩን ከጉልበት በማይበልጥ ጥልቀት አገኙት። ቢያነሡት ውሃው ከሥር ይፈስ ነበር ይባላል። እሜቴ ትርንጎም እጃቸውን ነክረው አለቀሱ።

ከዚያ ወዲህ ጠባቂ ሁሉ በዘመኑ የተለወጠውን በዳሩ ይጽፋል። በየዓመቱ መጽሐፉ ሲነበብም አንባቢው ከገጹ ግርጌ ሲደርስ ሕዝቡ «ዳሩስ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ዳሩ ሳይነበብ ማንም ከቦታው አይነሣም። የተቀደደው ሽፋን እስካሁን አልተሰፋም። በአዲሱ መጽሐፍ «ከሾላው» በሚለው ገጽ ዳር ላይም መሪጌታ በዚያ በሚያምር እጃቸው «ሾላው ወድቋል። ይህን ሳላነብ የተውኩት እኔ ነኝ፤ ስነ ጊዮር» ብለው ጽፈዋል። ሲገለብጡ የተዉት ዳር ጠባብ ነበርና የስማቸው መጨረሻ ሳይጻፍ ቀርቷል፤ ስንዝሩን ያዘዙትም ያን ቀን ነው ይላሉ።