ለጥጤ አራስ ቤት አንድ እቅፍ ሳር

እናንተ ጆሮ አዋጡ፣ እኔ ምላስ አዋጣለሁ፤ ተረቱ በዚያው ይሞላል።

ስንዱ የምትባል ልጅ ነበረች። ጥጤ የምትባል ነጭ ጥንቸልም ነበረቻት። ጥጤ አረገዘች። መውለጃዋ ሲደርስ ሳሩን በአፏ እየሰበሰበች፣ ከሆዷ ፀጉር እየነጨች፣ ጓዳ ውስጥ ባለው ሳጥኗ ጥግ ከመረችው። ስንዱ ይህን ስታይ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? "አራስ የሚተኛበት ቤት እንዲህ ይዝረከረካል እንዴ?" አለችና ሳሩንም ፀጉሩንም ጠራርጋ ከአጥር ውጭ ደፋችው። ምን ታድርግ፣ እናቷ ታናሽ ወንድሟን ልትወልድ ስትል ቤቱ ሲጠረግ ነው ያየችው።

በማግስቱ ጠዋት ጥጤ አምስት ልጆች ወለደች። ጣት የሚያካክሉ፣ ዓይናቸው ያልተገለጠ፣ አንዲት ፀጉር የሌላቸው አምስት ልጆች፣ በባዶ ጣውላ ላይ። ወሩ ጥቅምት ነው፤ የጥቅምት ብርድ ደግሞ የማንንም ልጅ አይምርም። ጥጤ ወዲያ ወዲህ ትንቆራጠጣለች እንጂ ወደ ልጆቿ ዝር አትልም። ያን ጊዜ ስንዱ ጥፋቷ ገባት። "ከሞቱ የገደልኳቸው እኔ ነኝ" ብላ አለቀሰች። ነጠላዋን አልብሳቸው አንድ እቅፍ ደረቅ ሳር ልታመጣ ወጣች።

ሳሩስ ሩቅ አልነበረም፤ እዚያው ግቢ ቆጥ ላይ ነው። መሰላሉን ግን ቤተሰቦቿ ለጎረቤት አውሰውታል። ስንዱ ሮጠች። ቤት የሚመርጉት ጋሽ ጥጋቡ መሰላሉ ላይ ቆመዋል።

"ጋሽ ጥጋቡ፣ መሰላሉን ይስጡኝ። ያለ መሰላል ሳር አይወርድም፣ ያለ ሳር ጥጤ አታጠባም።"

"ክንድ የማይሞላ ግድግዳ ቀርቶኝ ልውረድልሽ? ጭቃ አልቆብኝ እዚህ ተሰቅያለሁ። ለደርሶ ንገሪው፤ ጭቃ ካቀበለኝ ጨርሼ እወርዳለሁ" አሉ።

ጭቃ ረጋጩ ደርሶ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ ከደረቅ አፈርና ከጭድ አጠገብ ቁጭ ብሏል።

"ደርሶ፣ ጭቃ ርገጥ። ያለ ጭቃ ግድግዳ አይመረግም፣ ግድግዳ ሳያልቅ መሰላል አይለቀቅም፣ ያለ መሰላል ሳር አይወርድም፣ ያለ ሳር ጥጤ አታጠባም።"

"በምራቄ ላቡካው? ውሃ የምታመጣው አህያዬ ናት፤ እሷ ደግሞ መንገድ ላይ ተኝታለች። ከቻልሽ አስነሺያት" አላት።

አህያዋ ሁለት ጀሪካን እንደተሸከመች መሃል መንገድ ላይ ጋደም ብላለች።

"እመት አህያ፣ ተነሺ። ያለ አህያ ውሃ አይመጣም፣ ያለ ውሃ ጭቃ አይረገጥም፣ ያለ ጭቃ ግድግዳ አይመረግም፣ ግድግዳ ሳያልቅ መሰላል አይለቀቅም፣ ያለ መሰላል ሳር አይወርድም፣ ያለ ሳር ጥጤ አታጠባም።"

አህያዋ አንድ ጆሮዋን ብቻ አነሳች። "ጨው ከቀመስኩ ስንት ቀኔ። ጨው ካልላስኩ ከዚህ ንቅንቅ አልልም" አለች። አህያ ይናገራል ወይ የሚለኝ ካለ፣ አህያ ነድቶ አያውቅም ማለት ነው።

ጨው ያለው እትዬ አረጋሽ ሱቅ ነው። በዚያ መንደር ወልዳ እትዬ አረጋሽ ያልጠየቋት ሴት የለችም፤ መጀመሪያ የሚገቡ እሳቸው፣ መጨረሻ የሚወጡ እሳቸው።

"እትዬ፣ አንዲት አሞሌ ጨው ይስጡኝ። ያለ ጨው አህያ አትነሳም፣ ያለ አህያ ውሃ አይመጣም፣ ያለ ውሃ ጭቃ አይረገጥም፣ ያለ ጭቃ ግድግዳ አይመረግም፣ ግድግዳ ሳያልቅ መሰላል አይለቀቅም፣ ያለ መሰላል ሳር አይወርድም፣ ያለ ሳር ጥጤ አታጠባም።"

"ጥጤ ወለደች? እኔ ሳልሰማ?" እትዬ አረጋሽ ወዲያው ነጠላቸውን አነሱ። "በይ ቅደሚ። መጀመሪያ አራሷን ልጠይቅ፣ ልጆቿን አቅፌ ልሳም፤ ጨው ከዚያ በኋላ።"

ለስንዱ ቀላሉ እሺ ማለት ነበር። አራስ ልጠይቅ ያለን ትልቅ ሰው ማን ይከለክላል? ደግሞስ ጨው ካልተገኘ ልጆቹ መሞታቸው ነው።

"አይሆንም እትዬ" አለች። "ጥጤ ሰው ካጠገቧ ካለ ወደ ልጆቿ አትገባም። አንዴ ቤቷን አፍርሼባታለሁ፤ አሁን ደግሞ ሰው አላመጣባትም። እኔም ሳሩን አንጥፌ እወጣለሁ።"

እትዬ አረጋሽ ኬሻው ላይ ቁጭ አሉ። "የበኩር ልጄን የወለድኩ ጊዜ፣ አስራ አምስት ቀን ሙሉ ቤቴ ሰው አልጎደለበትም" አሉ። "ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይሳቃል። እኔ እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ፈገግ እላለሁ። ውጡልኝ ማለት አምሮኝ ነበር፤ የሚልልኝ ሰው አጣሁ።" ተነሱና ትልቁን አሞሌ አወረዱላት። "ሂጂ፣ ቶሎ በይ።"

ስንዱ በረረች። ጨው ሲላስ አህያ ተነሳች፣ አህያ ስትነሳ ውሃ መጣ፣ ውሃ ሲመጣ ጭቃ ተረገጠ፣ ጭቃ ሲረገጥ ግድግዳ ተመረገ፣ ግድግዳ ሲያልቅ መሰላል ተለቀቀ፣ መሰላል ሲለቀቅ ሳር ወረደ። እፎይ፣ እኔም ደከመኝ።

ሳሩን በሳጥኑ ጥግ ጎድጎድ አድርጋ አነጠፈችው። ልጆቹን አንድ በአንድ አስገባች። አምስተኛው ቀዝቅዞ ነበር። በመዳፎቿ መሃል ይዛ በትንፋሿ አሞቀችው፤ አሞቀችው፤ እግሩን ሲያወራጭ እሱንም ከወንድሞቹ ጋር ከተተችውና ወጥታ የጓዳውን በር ዘጋች።

ወሬ እግር አለው፤ መንደሩ በሙሉ ደጅ ደርሷል። ጋሽ ጥጋቡ ከነጭቃቸው፣ ደርሶ፣ አህያዋ ሳትቀር። የግቢው በር ላይ ግን እትዬ አረጋሽ እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል።

"ማንም አይገባም። አራሷ እረፍት ታግኝ።"

"አንቺ ነሽ ይህን የምትይ አረጋሽ?" አሉ ጋሽ ጥጋቡ።

"እኔ ነኝ። እንኳን ማርያም ማረችሽ የሚል እዚሁ በሹክሹክታ ይበልና ይሂድ።"

ሁሉም በአጥሩ በኩል በሹክሹክታ ብለው ሄዱ። እትዬ አረጋሽ ግን እስኪመሽ ከበሩ አልተነሱም።

ጥጤ ጆሮዋን አቁማ አዳመጠች። ጭር አለ። ያኔ ከሆዷ ፀጉር ነጭታ ልጆቿን አለበሰች፣ ገብታም አጠባቻቸው። ጠዋት ስንዱ ፀጉሩን በቀስታ ገለጥ አድርጋ ቆጠረች። አምስቱም አሉ፤ አምስቱም ሆዳቸው ድብልብል ብሎ ተኝተዋል።

ተረቴ አለቀ። ስትወጡ በሩን ቀስ አድርጋችሁ ዝጉት።