በሰንበሌጥ የተለካ ጫማ

አንድ ገበሬ ነበረ። አታቋርጠኝ ይርጋ፤ ጥያቄህን ሰምቻለሁ። «አባቴ የከፈተልኝን ሱቅ አልወደድሁትም፤ ነጋ ጠባ ልቤ እየጨለመ ነው። ግን ደክሞ ያቆመውን እንዴት አልፈልግም እለዋለሁ? ዝም ብል አይሻልም ወይ?» ብለኸኛል። እንግዲህ ስማ።

ገበሬው አንዲት ሴት ልጅ ነበረችው፤ ሯጭ ናት። በላስቲክ ጫማ እየሮጠች የወረዳውን ልጆች ሁሉ ቀደመች። በክልሉ ማጣሪያ ካሸነፈች አንድ የሩጫ ክለብ ሊወስዳት ቃል ገባ። አባትየው ይህን ሲሰማ እንቅልፍ አጣ። «ልጄማ በላስቲክ ጫማ ሰው ፊት አትቆምም» አለ።

አንድ ጠዋት ከመኝታዋ ሳትነሣ እግሯን በሰንበሌጥ ለካ፤ ከተረከዟ እስከ አውራ ጣቷ። ትርፉን ቆርጦ ጣለና ከተማ ወረደ። ሰንበሌጡን ጫማው ውስጥ እየከተተ ሞከረ፤ ጫፍና ጫፉ ልክክ ያለለትን ገዝቶ ተመለሰ። ምስኪን! የሯጭ እግር ሲያድር ሌላ፣ ሮጦ ሲያብጥ ሌላ መሆኑን ከየት ይወቅ? ከጣቷ ፊት ትንሽ ቦታ መትረፍ እንዳለበትስ ማን ነግሮት?

ልጅቱ ጫማውን አጠለቀችው። ጣቶቿ ውስጥ ታጠፉ። አባትየው ተንበርክኮ ማሰሪያውን እያሰረላት ነበር፤ ቀና አለና፣

«ጠበበሽ ወይ ልጄ?» አላት።

ፊቱን አየችው። «ኧረ ልክ ነው አባባ! ለኔ የተሠራ ነው የሚመስለው» አለችው።

ያቺ ቃል ናት ያጠፋቻት። ከልምምድ ስትመለስ ደም የነካውን ካልሲ ተደብቃ ታጥባለች። ጥፍሯ ሲጠቁር ጣቷን በጨርቅ ጠቀለለችው፤ ጨርቁም ጫማውን የባሰ አጠበበው። አሠልጣኟ ስታነክስ አይቶ ቢጠይቃት «እንቅፋት መታኝ» አለች። አባትየው ደግሞ ገበያ ላይም ቤተ ክርስቲያን ደጃፍም ያገኘውን ሁሉ እያስቆመ ስለዚያ ጫማ ያወራል። እንዴት ትናገር? የዛሬን ልለፈው እያለች አንዱን ቀን ለሌላው አሳለፈችው።

የማጣሪያው ቀን እኩሌታውን መንገድ መራች። ከዚያ እግሯ እምቢ አላት፤ መንገዱ ዳር ቁጭ አለች። አባትየው ከተመልካቹ መሃል ሮጦ ገባና ጫማውን አወለቀላት። አውራ ጣቷ መግሏል። ሐኪም ቤት ሲያደርሷት መግሉ አጥንት ገብቶ ስለነበር ጣቷ ተቆረጠ። ክለቡም ሌላ ልጅ ወሰደ።

አባትየው አልጋዋ ጫፍ ተቀመጠ። «ለምን አልነገርሽኝም?» አላት።

«እንዳይከፋህ ብዬ ነው አባባ።»

«ነጋዴው እኮ ካልሆናት መልሰህ አምጣው፣ እለውጥልሃለሁ ብሎኝ ነበር» አለ። «ሰፋ ያለው እዚያው አጠገቡ ነበረ።»

ይህን ብሎ ወጣና ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ። ከዚያ ወዲህ ልጁን አያምናትም። በላሁ ስትለው ሌማቱን ከፍቶ ያያል። ደህና ነኝ ስትለው እግሯን ያያል። ትወደዋለች፣ ይወዳታል፤ ግን አንድ ቤት ውስጥ እንደ እንግዳ ነው የሚኖሩት።

ይርጋ፣ አባትህ እንደዚያ ገበሬ ነው። ሱቁን የከፈተልህ በሚያውቀው መጠን ለክቶ ነው፤ ልብህ ውስጥ ገብቶ ሊለካ አይችልም። አንተም ያችን ልጅ ሆነሃል። ስታነክስ እኔ አይቼሃለሁ፤ እሱ ግን ሳቅህን ነው የሚያምነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ብትነግረው ይከፋዋል፤ አዎ፣ ይክፋው! ምናልባትም ይቆጣህ ይሆናል። ዝም ብትለው ግን ሐዘኑን አታስቀርለትም፤ ምንም ማድረግ እስከማይችልበት ቀን ድረስ ታቆይለታለህ እንጂ።

በል ተነሥ። ለኔ መንገርህ ምን ይረባሃል? ሱቁን የከፈተልህ እኔ አይደለሁም።