የቆላፊው ዳዶ መሐላ

ተረት ተረት ስላችሁ እንደ ወትሮው «የላም በረት» አትበሉኝ፤ የዛሬዋ ተረቴ ላም የላትም። «የብረት ተረት» በሉኝ። በሉ እንጂ! አዎ፣ እንዲያ ነው። ብረት አይናገርም የሚል ካለ ደግሞ ከወዲሁ ተነስቶ ይሂድልኝ፤ መሀል ላይ የሚከራከረኝ ሰው አልወድም።

ድሮ ድሮ፣ ብረት አፍ አውጥቶ በሚናገርበት፣ ዶሮ ለሰው ምክር በሚሰጥበት ዘመን፣ ከትልቅ ተራራ ሥር ባለች ትንሽ ከተማ ጎዳናው የሚባል ሾፌር ነበር። ጎዳናው ዳማ የምትባል አሮጌ መኪና ነበረችው። አንድ አውራ ዶሮና አንድ አህያም ነበሩት። አሰለፈች የሚባሉ ታላቅ እህትም ነበሩት። ወይዘሮ አሰለፈች ጥጥ ፈታይ ናቸው። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው አምስት ዓመት ሆኖታል፤ አምስት ዓመት ሙሉ በጣታቸው ብቻ እየፈተሉ ኖረዋል።

አንድ ቀን ወሬ መጣ። «ከተራራው ማዶ ባለችው ከተማ የዓይን ሐኪሞች ገብተዋል። ሞራውን ገፈው ብርሃን ይመልሳሉ። ሦስት ቀን ብቻ ነው የሚቆዩት፤ በሦስተኛው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይሄዳሉ» ተባለ። ወሬው እነጎዳናው ቤት የደረሰው በሁለተኛው ቀን ማምሻ ላይ ነው። ጎዳናው ደስታው አላስተኛው አለ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እህቱን ነጠላቸውን አስለብሶ፣ እጃቸውን ይዞ ወደ መኪናዋ ወሰዳቸው። ዳማ ግን ወደ አንድ ጎን ዘምማ ቆማለች።

«ዳማ፣ ምነው አነከስሽ?» አላት።

«ሚስማር ወጋኝ ጌታዬ» አለች ዳማ። «የፊት ቀኝ እግሬ ተንፍሷል።»

«ይሄማ ምን አላት! ትርፍ ጎማ አለን» አለና ጎማ መፍቻውን አወጣ። ጎማውን መኪናዋ ላይ ያሰሩት ዳዶዎች አራት ናቸው። ሾፌር የሆነ ሁሉ እንደሚያውቀው ዳዶ የሚላላው ጎማው መሬት እንደረገጠ ነው፤ መኪና ማንሻው ክሪክ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። አንደኛውን ወደ ግራ አዞረው፤ ላላ። ሁለተኛውን ወደ ግራ አዞረው፤ ላላ። ሦስተኛውን ወደ ግራ አዞረው፤ እሱም ላላ። አራተኛው ጋ ሲደርስ ቆመ።

አራተኛው ቆላፊው ዳዶ ነበር። ጎዳናው የጎማ ሌባ ፈርቶ ያስገጠመው ነው። ይህ ዳዶ እንደ ወንድሞቹ ስድስት ጎን የለውም። ድፍን ክብ ነው፤ ግንባሩ ላይ እንደ አበባ የተቀረጸ ጎድጓዳ አለው፤ በዚያ አበባ ልክ ከተሠራችው ከራሱ ቁልፍ በቀር ለማንም አይፈታም። ሲገጠምም ምሎ ነው የተገጠመው፤ «ከባለቤቴና ከቤቱ ሰው በቀር ይህን ጎማ ማንም አይወስድም» ብሎ።

ጎዳናው ቁልፏን አበባው ውስጥ ከተተ፤ መፍቻውን በላይዋ አስገባና ክብደቱን ጣለበት። ቀርጨጭ! አለ አንድ ነገር።

«ጌታዬ!» ብላ ጮኸች ቁልፏ። «ጥርሴ ረገፈ!»

ለምን ይህን ያህል ጠበቀ አትሉኝም? ጥፋቱ የራሱ የጎዳናው ነው፣ አልደብቅለትም። የዚያን ወር መጀመሪያ ጎማ ጠጋኙ ዳዶውን ሲያስር፣ መፍቻው ላይ ረጅም ቧንቧ ሰክቶ ቧንቧው ላይ ቆሞ ነበር። ጎዳናው ደግሞ አጠገቡ ሆኖ «ጨምርበት! ገና ነው! አንዴ ዝለልበት!» ይል ነበር። ጠጋኙ ዘለለበት። «ድገመው!» አለው፤ ደገመው። ሠላሳ ዓመት የነዳ ሰው ይህ ልክ እንዳልሆነ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። የሚወደውን ነገር ሲቆልፍ ልኩን የሚያውቅ ሰው ግን እስኪ ማን አለ?

ይኼኔ መዶሻ ከዕቃ ሣጥኑ ዘሎ ወጣ። «ለእኔ ተወው!» አለ። «እኔ የማላሳምነው የለም።»

አውራ ዶሮው አጥር ላይ ወጣና «ምታው! ምታው!» አለ።

አህያው ከበረቱ ሆኖ «እኔን ሲመቱኝ እቆማለሁ እንጂ አልሄድም» አለ። አህያን ማን ይሰማል?

ጎዳናው አፉ ጠበብ ያለ አሮጌ የዳዶ መፍቻ ፈልጎ ዳዶው ላይ ደቀነ፤ መዶሻው ኳ! ኳ! ኳ! አድርጎ አስገባው። መፍቻው ነክሶ ያዘ። ጎዳናው አዞረው፤ ዞረ! ዶሮው ክንፉን እያርገበገበ ጮኸ። አንዴ ዞረ፣ ሁለቴ ዞረ፣ ሦስቴ ዞረ፣ ዳዶው ግን አይወጣም። ጎንበስ ብለው ሲያዩ ለካ ዳዶው ሌላ ቀለበት ለብሷል! የሚዞረው ቀለበቱ ነው። ዳዶው ውስጥ ሆኖ አልተነቃነቀም። ጎዳናውም እጁን ከመፍቻው ላይ አንስቶ «ኧረ ይሄ ምን ዓይነት ፍጡር ነው?» አለ።

ቀጥሎ መሮ ተነሳ። መሮ ምላሱ ስለታም ነው፤ «መዶሻ መምታት እንጂ መቁረጥ መች ያውቃል? እኔን ጎኑ ላይ ደግፉኝ» አለ።

«ቁረጠው! ቁረጠው!» አለ ዶሮው።

መሮውን ቀለበቱ ጎን ላይ ደግፈው መቱ። ቀለበቱ ተሰነጠቀና ለሁለት ተከፍሎ መሬት ላይ ወደቀ። የመሮውም ጫፍ አብሮ ተሸረፈ። «ብረት እቆርጣለሁ ስል ብረት ቆረጠኝ» አለና አፍሮ ወደ ሣጥኑ ተመለሰ። ዳዶው ራቁቱን ቀረ፤ አንድ አውራ ጣት የማታህል ክብ ብረት፣ ልብሷን ገፈውባት ያልተንቀሳቀሰች። ወይ ጉድ! እኔ ይህን ስሰማ ፀጉሬ ነው የቆመው።

በሦስተኛ ተራ እሳት ከከሰል ምድጃው ውስጥ ተናገረች። «ብረት ሁሉ እኔ ፊት ይለሰልሳል። አስጠጉኝ» አለች።

«አቃጥዪው! አቃጥዪው!» አለ ዶሮው፤ ያው የለመደውን።

ጎዳናው የጋለ ፍም በመቆንጠጫ ይዞ ዳዶው ላይ አስጠጋ። ወዲያው ጎማው ጮኸ። «እኔስ? እኔ ላስቲክ ነኝ እኮ! ወንድሜን እናለስልስ ብላችሁ እኔን ልትፈጁኝ ነው?»

ወይዘሮ አሰለፈች በረንዳው ላይ ሆነው አሸተቱ። «ጎዳናው፣ ጎማ እያቃጠልክ ነው እንዴ?»

ጎዳናው ፍሙን ወረወረና መሬት ላይ ቁጭ አለ። አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል። መንገዱ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ ሰባት ሰዓት ላይ ካልተነሱ አይደርሱም። አንገቱን ደፋ፤ ዓይኑ እንባ ሞላ።

«እታለም፣ ይቅር በዪኝ» አለ። «በገዛ እጄ ነው የቆለፍኩብሽ።»

እህቱ ሊመልሱለት ሲሉ ከመስኮቱ ደፍ ላይ አንድ ድምፅ ተሰማ። ቀጭን ናት፤ መጀመሪያ የሰሟትም ወይዘሮ አሰለፈች ናቸው።

«እትዬ፣ እኔን ይሞክሩኝ።»

«አንቺ ደግሞ ማነሽ?»

«ኩራዙ ውስጥ ያለሁ የላምባ ጠብታ ነኝ።»

ዶሮው ከአጥሩ ሊወድቅ እስኪደርስ ሳቀ። «መዶሻ ያቃተውን፣ መሮ ያቃተውን፣ እሳት ያቃታትን አንቺ?»

«እኔ አልመታም፣ አልቆርጥም፣ አላቃጥልም» አለች ጠብታዋ። «መንገድ ካለ እገባለሁ። ሁለት ሰዓት ብቻ ስጡኝ።»

«ሁለት ሰዓት!» አለ ጎዳናው ብድግ ብሎ። «ያለን እኮ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው! ሁለት ሰዓት እጃችንን አጣጥፈን ልንቀመጥ?»

«ተቀመጥ» አሉት እህቱ። «እኔ አምስት ዓመት ጠብቄያለሁ። ሁለት ሰዓት ደግሞ ምን አላት?»

ጠብታዋን የምታደርስ ላባ አስፈለገች። ጎዳናው ወደ አጥሩ ሄዶ ከምክር ሰጪው ጅራት አንዷን መዘዘ፤ ዶሮውም ከዚያ በኋላ ዝም አለ። ላባዋን ላምባው ውስጥ ነክሮ በዳዶው እግር ዙሪያ ቀባ። ጠብታዋ ለአፍታ ብልጭ አለች። ከዚያ ጠፋች።

ከዚህ በኋላ ያለውን ስናገር እኔም ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ፤ እናንተም ጠጋ በሉ።

ጠብታዋ ገባች። መርፌ በማይገባበት፣ ፀጉር በማያልፍበት፣ በዳዶውና በብሎኑ ጥርስ መካከል ገባች። መንገዱ እንደ ተራራ መንገድ ይጠመዘዛል፤ አንዱን ዙር ስትጨርስ ሌላ ዙር አለ። በሁለተኛው ዙር ላይ ሽማግሌ ዝገት ተጋድሞ አገኘችው።

«ወዴት ነው?» አላት።

«ወደ ውስጥ።»

«እዚህ ስተኛ ያለፈኝ የለም።»

«አላልፍህም፤ አብረኸኝ ና» አለችው። ማንም እንዲህ ብሎት ስለማያውቅ ዝገት ደነገጠ፤ ተነስቶም ተከተላት። ደጅ ያሉት ይህን ሁሉ አያዩም። ጎዳናው ዳዶውን ያያል፣ ፀሐይዋን ያያል፤ ዳዶው እንዳለ ነው፤ ፀሐይዋ ግን ትሄዳለች።

ጠብታዋ የመጨረሻው ዙር ላይ ስትደርስ ዳዶው ራሱ አናገራት። «ምን ፈለግሽ?»

«ልቀቅ። ደጅ ያለው ባለቤትህ ነው።»

«ባለቤቴ ቁልፍ አለው።»

«ቁልፏ ጥርሷ ረግፏል።»

«ሌባም እንዲህ ነው የሚለው» አለ ዳዶው። «ሁለት ጊዜ መጥተውብኛል። እነሱም መቱኝ። ዛሬም ተመታሁ፣ ልብሴ ተገፈፈ፣ እሳት ቀረበብኝ። ባለቤት እንዲህ ያደርጋል? ምዬአለሁ፤ አልለቅም።» ጠብታዋ ስንት ግዙፍ ነገር አይታለች፤ የዚያን ቀን ግን ከዚህ ትንሽ ብረት ፊት ራሷን ዝቅ አደረገች። ከዚያም ጥርሱን ታረጥብ ጀመር።

ስድስት ሰዓት ተኩል ሆነ። ጎዳናው አሮጌውን መፍቻ ራቁቱን በቀረው ዳዶ ላይ ደቀነ። መዶሻው በዝግታ እየነካካ አስገባው። ቧንቧው ተሰካ። ጎዳናው ቧንቧው ላይ ሊዘል እግሩን ሲያነሳ፣ ወይዘሮ አሰለፈች የመኪናዋን ጎን እየዳበሱ መጥተው እጃቸውን ቧንቧው ላይ ጫኑ።

«ቆይ። ወዴት ልታዞረው ነው?»

«ወደ ግራ ነዋ፣ ወደሚፈታበት።»

«መጀመሪያ ወደ ቀኝ። ትንሽ አጥብቀው፤ የፀጉር ያህል።»

«እታለም! እንፍታው እያልን ታጠብቂዋለሽ?»

«ክር ሲቋጠርብኝ አልጎትተውም» አሉ። «ከጎተትኩት ይከራል። ወደመጣበት ገፋ ሳደርገው ነው የሚላላልኝ። ይህን ጣቴ ነው ያስተማረኝ። እስኪ እንዳልኩህ አድርግ።»

ጎዳናው አላመነም፤ ታላቅ እህቱ ናቸውና ግን ታዘዘ። ወደ ቀኝ፣ የፀጉር ያህል አጠበቀ።

ያኔ ዳዶው ውስጥ ሆኖ ደነገጠ። «እንዴ!» አለ። «አጠበቀኝ! ሌባ ያጠብቃል እንዴ? ሌባ የሚያውቀው መፍታት ብቻ ነው። ጎማው እንዳይሄድ የሚያጠብቅ የቤቱ ሰው ነው!» ጠብታዋ ይህን ሰማች፤ በተከፈተችው በዚያች የፀጉር ያህል ቦታም እስከ ታች ፈሰሰች።

«አሁን ወደ ግራ» አሉ ወይዘሮ አሰለፈች። እጃቸው ቧንቧው ላይ ነው። «ቀስ ብለህ።»

መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ከዚያ በወይዘሮ አሰለፈች እጅ ሥር አንድ ነገር ተነፈሰ። «መጣ» አሉ። ጎዳናው ምንም አላየም። «መጣ እኮ ነው የምልህ!» ከዚያ ረጅም ድምፅ ወጣ፤ ብዙ ጊዜ ታፍኖ የቆየ ሰው እፎይ ሲል የሚያወጣው ዓይነት ድምፅ። ዶሮው አንገቱን አቀረቀረ። አህያው ማኘኩን ተወ። ዳዶው ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረና ከቀይ ላምባና ከዝገት ጋር በወይዘሮ አሰለፈች መዳፍ ላይ ወደቀ። ጎዳናው አማተበ።

ዳዶው በመዳፋቸው ሆኖ ጠየቀ። «እትዬ፣ እንግዲህ ጎማውን ማን ይጠብቃል?»

«አንተ ጠብቀኸዋል ልጄ» አሉት። «አሁን እረፍ።»

ክሪኩ ገባ፣ ጎማው ተቀየረ፣ ሦስቱ ወንድማማቾች በልካቸው ታሰሩ፤ ማንም አልዘለለባቸውም። ለሰባት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ዳማ ተነሳች፤ በሦስት ዳዶ ናትና ተራራውን በቀስታ ወጣች። ሲደርሱ ሐኪሞቹ ሣጥን እየጫኑ ነበር። «ዝርዝሩ ተዘግቷል» አለች ነርሷ። አንደኛው ሐኪም ግን የጎዳናውን እጅ አየ፤ እስከ ክርኑ ላምባና ዝገት ነው። ቀጥሎ ወይዘሮ አሰለፈችን አየና «አንድ ሣጥን አውርዱልኝ» አለ።

ሞራው በዚያው ዕለት ተገፈፈ፤ በማግስቱ ጠዋት ለእሳቸው ስትል የቀረችው ነርስ ፋሻውን ከዓይናቸው ላይ ፈታችው። ወይዘሮ አሰለፈች ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ገለጡ፣ ደግሞ ጨፈኑ። በሦስተኛው ሲገልጡ ከፊታቸው ወንድማቸው ቆሟል። እጃቸውን ዘርግተው ራሱን ዳሰሱ፤ እንባቸው ወረደ።

«ጎዳናዬ» አሉ፣ «መቼ ነው እንዲህ የሸበትከው?»

«ትናንት» አለ ጎዳናው። «ዳዶው ፊት ቁጭ ብዬ።»

ይኸው ነው። የታመነ ጠባቂ በር ላይ ከገጠማችሁ በመዶሻ አትምጡበት፤ የሚጠብቀውን ነገር እናንተም እንደምትጠብቁለት አስቀድማችሁ አሳዩት፤ ያኔ ራሱ ይለቅላችኋል። ተረቴን መልሱልኝ፤ አፌን የምታብሱበትን ዳቦ ደግሞ ለአህያው ስጡልኝ፤ ከመጀመሪያው እውነቱን የተናገረ እሱ ብቻ ነበር።