ፈቃድ የጠየቀው ውሻ

ተረት ተረት! «የላም በረት» በሉኝና የራሴን የአውራ ዶሮውን ጉድ ልንገራችሁ።

ከተማ ዳር ባለው ሰፈራችን ጭልፊት ጫጩት መንጠቅ አበዛ። እኔ የሰፈሩ ሊቀመንበር ነበርኩና ስብሰባ ጠርቼ አያ ውሻን ዘበኛ አደረግነው። አያ ውሻ ግን ቅጠል በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይጮኻል።

«እንቁላል ታቅፈን እንኳ እንዳንቀመጥ ከለከለን!» አሉ ዶሮዎቹ።

ደረቴን ነፍቼ፣ «ከእንግዲህ እኔን ሳታስፈቅድ እንዳትጮህ!» ብዬ አዘዝኩት።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጭልፊቱ መጣ። እኔ ከሁሉም ቀድሜ ጎተራ ሥር ገባሁ። አያ ውሻ እየሮጠ መጥቶ፣ «ጌታዬ፣ ጭልፊት መጥቷል፤ ልጩህ?» አለኝ።

«ዝም በል!» አልኩት በሹክሹክታ። «ያለሁበትን ልታሳብቅብኝ ነው?»

ጭልፊቱ የእመት ዶሮን ጫጩት ይዞ ሄደ። እናቲቱ ስታለቅስ ዋለች።

በማግስቱ ውሻው ለምን ዝም እንዳለ ለመመርመር ስብሰባ ጠራሁ። ማንም አልመጣም። እመት ዶሮ የቀሩ ልጆቿን ይዛ አያ ውሻ እግር ሥር ሰፍራ፣ «አያ ውሻ፣ እንዳሻህ ጩህ» ትለዋለች። ሌሎቹም ተከትለዋታል።

እኔም አንገቴን ደፍቼ ወደ አያ ውሻ ሄድኩ። ዛሬ ከሁሉም ይበልጥ ተጠግቼው የምተኛው እኔ ነኝ።

ተረቴን መልሱልኝ፤ ጉዴን ግን አታንሱብኝ።