የሰንደቄ ቅል

ድሮ ነው፤ የዛሬዎቹ ሽማግሌዎች አያቶች ገና ሳይወለዱ። ቀይት የምትባለው ጋራ ሆዷ በተቦረቦረበት ዘመን። ብረት ሠሪዎች ድንጋይዋን እየቆፈሩ፣ ዛፏን ለከሰል እየቆረጡ ሠላሳ ዓመት ኖሩባት። ብረቱ ሲያልቅ ወናፋቸውን ጭነው ሄዱ። ጋራዋ ቀረች። አንድ እግሩ ጉድጓድ ውስጥ የተሰበረ ቀጥቃጭም አብሯት ቀረ፤ ስሙ ሰንደቄ።

ከዚያ ወዲያ ቀይት በየክረምቱ ጎርፍ በሸረሸረው ቦረቦር በኩል ወደ መንደሩ ትወርድ ጀመር። ጭቃው ማሳ ይውጣል፤ ወደ ምንጩም ይጠጋል። መንደሩ እስክትድን ድረስ ጋራዋን ከከብት ከለከለ። ጭቃ ሹሙ ወልደ ሐና ሰንደቄን አስጠራው።

«የቆፈሯት ያንተ ዘመዶች ናቸው» አለው። «አንተ ጠብቃት። በሦስት ዓመት ከዳነች ጎጆህ ይጸናልሃል፤ ቁራሽ መሬትም እጨምርልሃለሁ። ካልዳነች ዘመዶችህን ትከተላለህ። መዳኗንም አንተው ትነግረናለህ፤ ቀኑን ሙሉ እዚያ የሚቀመጥ ሌላ ሥራ ፈት የለንም።»

ፍርዱ ለሁሉም ትክክል መሰለ። ዳኛውም ተከሳሹም አንድ ሰው መሆኑን ያስተዋለ አልነበረም።

ሰንደቄ በተዳፋቱ ላይ ድንጋይ በአግድም ደረደረ። ቦረቦሩን በየደረጃው በድንጋይ ከተረ። ከወንዝ ዳር ሰርዶ እየነቀለ ተከለ። ይህን ሁሉ የሠራው በአንድ እግርና በአንድ ምርኩዝ ነው።

በመጀመሪያው ክረምት ጋራዋ አረንጓዴ ሆነች። «ዳነች!» አለ መንደሩ። ሰንደቄ ግን አፉ የሰፋ ቅል ወስዶ በቦረቦሩ ከሚወርደው ጎርፍ ሞላና እስኪጠልል አስቀመጠው። በማግስቱ ውሃውን ቀስ አድርጎ ደፋ። ከቅሉ ግርጌ የቀረውን ጭቃ በጣቱ ለካ። አራት ጣት።

«አልዳነችም» አለ። አረንጓዴው አረም ነበር፤ በኅዳር ደረቀ።

በሁለተኛው ክረምት ክትክታው ከሰው ጉልበት በለጠ። «ዳነች!» አለ መንደሩ። ሰንደቄ ቅሉን ሞላ፣ አጠለለ፣ ደፋ፣ ለካ። ሁለት ጣት። ከቁጥቋጦው ሥር መሬቱ ራቁቱን ነበር።

«አልዳነችም» አለ።

ጎረቤቱ ዘርፌ ባለ አንድ ላም ነበረች፤ ላሟም አጥንቷ ይቆጠራል። «አንተ ቡዳ!» አለችው። «ላሜን በዓይንህ ጨርሰሃት፣ ደግሞ ሳሩን ትነፍጋታለህ?»

«ላምሽን አላየኋትም» አላት። «ያየሁት ቅሉን ነው።»

በሦስተኛው ክረምት ሰርዶው ተሳሰረ፤ ቆቅ ጫጩት ፈለፈለችበት። የዚያን ዓመት ሹሙም ሕዝቡም ቅሉን ሊያይ ወጣ። ሰንደቄ ውሃውን ደፋና ለካ። ግማሽ ጣት። ቅሉን እንደያዘ ወደ ኋላ ዞር ብሎ አየ። ከበስተጀርባው ጎጆው ይታያል።

ዘርፌ እጅጌውን ሳበችው። «ዳነች በል እንጂ፣ ሞኝ! ትባረራለህ እኮ።»

«ግማሽ ጣት ምን አላት?» አለ ወልደ ሐናም።

«ጌታዬ፣ ገና አፈር እየሄደ ነው» አለ ሰንደቄ። «አንድ ክረምት ይቀራታል። አልዳነችም።»

ቅሉን ቦረቦሩ አፍ ላይ አስቀመጠ። ወናፉን ተሸክሞ እያነከሰ ወንዙን ተሻገረ። እሱ ገና ማዶ ሳይደርስ መንደሩ ከብቱን ጋራዋ ላይ ለቀቀ። ሳሩ ጣፋጭ ነበር ይባላል።

በተከታዩ ክረምት ቀይት ወረደች። ምንጩን ቀበረችው። ሴቶቹ ውሃ ፍለጋ ወንዝ ድረስ መውረድ ግድ ሆነባቸው፤ ከማዶ የሰንደቄ መዶሻ ይሰማል። አንድ ቀን ዘርፌ እንስራዋን አስቀምጣ ተጣራች።

«ሰንደቄ! ና ተመለስ ይሉሃል!»

መዶሻው ቆመ። «ቅሉ አለላችሁ አይደል?» አላት። «እሱን ጠይቁት።» መዶሻው ቀጠለ። አልተመለሰም፤ እዚያው ማዶ ሞተ።

መንደሩ ጋራዋን እንደገና ከለከለ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እስከ ዛሬ፣ ሐምሌ ሲጋመስ ቦረቦሩ አፍ ላይ ቅል ይቀመጣል። በማግስቱ ጭቃውን የሚለካው ሹሙ አይደለም፤ ቄሱም አይደለም። በዚያ ዓመት ከመንደሩ ሁሉ የከሳች ላም ያለችው ሰው ነው። እሱ «አልዳነችም» ካለ የሚከራከረው የለም። «ዳነች» ካለ ግን ቅሉ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ሁሉም በየጣቱ ይለካል።

የመጀመሪያዋ ለኪ ዘርፌ ነበረች። ላሟን አንድ ጊዜ አየች፤ ቅሉን ሁለት ጊዜ አየች።

«አልዳነችም» አለች።