ጠዋት ያልነጠረው ኳስ

አንድ ሰው ነበረ፤ የቅርጫት ኳስ አሠልጣኝ። ከድሬዳዋ ተቀጥሮ ደብረ ብርሃን ከመጣ ገና ሁለት ወሩ ነው። ለትልቁ ጨዋታ ስምንት አዳዲስ ኳሶች ከአዳማ ራሱ ገዛ። ሱቁ ደጃፍ ላይ፣ በዚያ ሙቀት፣ አንድ በአንድ ከራሱ ቁመት እየለቀቀ ፈተናቸው። ሁሉም ነጥረው ወገቡ ድረስ ተመለሱ። ማታ አምጥቶ ለዕቃ ቤት ኃላፊዋ ለእትዬ አጸደ አስረከበ።

እትዬ አጸደ ያንን ዕቃ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠበቁ ሴት ናቸው።

ጨዋታው በነጋታው በስድስት ሰዓት ነበር። ሰውዬው ግን አላስችል ብሎት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ተጫዋቾቹን ሰብስቦ ኳሶቹን ሜዳ ላይ አስወጣ። አንዱን አንሥቶ ከራሱ ቁመት ለቀቀው። ኳሱ ዷ አለና ጉልበቱ ጋ ቀረ። ሌላውን ለቀቀ። እሱም ጉልበቱ ጋ ቀረ። ሦስተኛውም፣ አራተኛውም እንደዚያው።

ደሙ ፈላ። እስከዚያ ቀን "እርስዎ" የሚላቸውን ሴት በተጫዋቾቹ ሁሉ ፊት፣ "አዲሶቹን የት አደረግሻቸው? አሮጌ ተክተሽ ልታታልይኝ ነው?" አላቸው።

"ልጄ፣ ያመጣሃቸው እነዚሁ ናቸው። ብርድ መቷቸው ነው። ፀሐይ ይንካቸውና ደግመህ አንጥራቸው።"

"ኳስ ብርድ ይመታዋል?" ብሎ ሳቀ። ልጆቹም አብረው ሳቁ። "ሌባ ነሽ። ቁልፉን አስቀምጪና ውጪ።"

እትዬ አጸደ ቁልፉን አስቀመጡና ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ጠዋት ሄደ።

ወገኖቼ፣ ልብ በሉ። ኳስ ውስጥ ያለው አየር ሲበርደው ይኮማተራል፤ ከውስጥ ሆኖ የሚገፋበት ጉልበት ያንሰዋል። ላስቲኩም ይደርቃል። የደብረ ብርሃንን ሌሊት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ሰውዬው ይህን አላወቀም፤ አለማወቅ ኃጢአት አይሆንበትም። የነገሩትን መስማት ግን ይችል ነበር።

አምስት ሰዓት ተኩል ሆነ። ኳሶቹ ጠዋት እንደተጣሉ ሜዳው ላይ ፀሐይ ሲመታቸው ቆይቷል። አንዷ ተጫዋች እንዲያው እጇ ሥራ ፈትቶ አንዱን አነጠረች። ወገቧን አልፎ ተመለሰ። ሰውዬው አየ። ነጥቋት ከራሱ ቁመት ለቀቀው። ወገቡ ላይ ደረሰ። ሌላውን ለቀቀ። ወገቡ ላይ ደረሰ። አሁን የሚስቅ አልነበረም።

ግማሽ ሰዓት ነው የቀረው። ሮጠ። ከገበያው ጀርባ እትዬ አጸደ ደጃፋቸው ላይ ምስር ይለቅማሉ።

"በድዬዎታለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ" አለ እያለከለከ።

ቀና ብለው አዩት። "ሌባ ያልከኝ በልጆቹ ፊት ነው። ይቅርታውን ለብቻዬ አመጣህልኝ?"

ጨዋታ ሊጀመር ሲል በተጫዋቾቹ ፊት መዋረድ ለአሠልጣኝ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። እሱ ግን፣ "ይነሡ፣ አብረን እንሂድ" አለ።

ሜዳው ላይ ሕዝቡ በተሰበሰበበት፣ ልጆቹና ዳኞቹ እያዩ፣ "እኚህ ሴት ሌባ አይደሉም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ" ብሎ ቁልፋቸውን በሁለት እጁ መለሰላቸው።

ጨዋታውስ? አትጠይቁኝ፤ እኔም አልጠየቅሁም።

እኛስ፣ ወገኖቼ? ስንቱን ነው በጠዋት ብርድ ለክተን "ይሄ አይረባም" ብለን የጣልነው? ከሥራ ተባሮ ዘመድ ቤት የተጠጋውን ወንድማችሁን፣ ስትስቁላት የማትስቀውን ምራታችሁን፣ የት አድረው እንደመጡ ጠይቃችኋል? በየማለዳው "እንዴት አደራችሁ" እንባባላለን። መልሱን ቆሞ የሚሰማ ማን ነው?

አንዳንዶቻችሁ አሁን አንድ ሰው ትዝ ብሏችኋል፤ ከፊታችሁ አውቄዋለሁ። ወደ ጓዳ ጠርታችሁ በሹክሹክታ ይቅርታ ልትሉት አስባችኋል። አይሆንም። ስሙን ያጠፋችሁት በማኅበር ፊት ከሆነ፣ ወደዚያው ማኅበር ይዛችሁት ግቡ። ታፍራላችሁ። አዎ፣ እፈሩ። እሱ ያፈረው ያለ ጥፋቱ ነው።

መንገዱን እግዚአብሔር ያሳጥርላችሁ።