ለደረቅ መንገድ የተገዛ ጎማ

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ መምህር ላቀው፣ ኅሩይ ጥያቄውን ጠይቆ ገና አፉን ሳይገጥም።

ኅሩይ የቀድሞ ተማሪያቸው ነው። መምህሩ ሠላሳ ዓመት በቴክኒክ ትምህርት ቤት የመኪና ጥገና ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል፤ እሱ ከእሳቸው ክፍል ወደ ግንባታ ተዛውሮ፣ ከዚያው ትምህርት ቤት ተመርቆ የሕንፃ ተቆጣጣሪ ሆኗል። በዚያ ሳምንት አንድ አዲስ የሕፃናት ትምህርት ቤት ሊመረቅ ነው። ድንኳን ተተክሏል፣ እንግዳ ተጠርቷል፣ የቀረው የእሱ ፊርማ ብቻ ነው። ኅሩይ ግን በምሥራቅ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ አንድ ስንጥቅ አይቶ ልቡ አልረጋ ብሎታል። ቀርቦ ሲለካው ደህና ይመስለዋል፤ ዞር ሲል ደግሞ ሆዱ ይባባል። መምህሩን የጠየቃቸውም ይህንኑ ነበር፦ «መምህር፣ ሰው ፍርሃቱን ማሸነፍ ነው ያለበት ወይስ ማድመጥ?»

አንድ ሰው ነበረ። ከቆላ ወደ ደጋ እህል እያመላለሰ የከበረ ነጋዴ ነው። እናትና አባቱ ቀድመው ስለሞቱ ታናሽ እህቱን ያሳደጋት እሱ ነው። ጸጉሯን አበጥሮላታል፤ ስትታመም አዝሎ ሐኪም ቤት አድርሷታል። ሌላ ዘመድ አልነበራቸውም ማለት ይቻላል፤ አንዲት አክስት ብቻ ነበረቻቸው።

ይህ ሰው ሀብት ሲያገኝ አንዲት መኪና ገዛ። ስትታይ ከፍ ያለች የመስክ መኪና ናት፤ ሞተሯ ግን የእሽቅድምድም ሞተር ነው። ነዳጅ ሲሰጣት ወንበሩ ጀርባውን ይመታዋል። አብሯት የመጣው ጎማ ሰፊ፣ ጥርሱ ያልጠለቀ፣ ለደረቅና ለሞቃት አስፋልት የተሠራ ነበር። በጋውን ሁሉ መንገዱን እንደ ሙጫ ሲይዝለት ከረመ። ሚያዝያ ላይ ጎማዎቹ አለቁ።

በዚያው ወር የእህቱ ሠርግ ለግንቦት ተቆረጠ። ሙሽራው የቆላ ሰው ነው። ሙሽሮቹን ይዞ በዚያች መኪና የሚወርደው ደግሞ ወንድምየው ነው። መንገዱ ከደጋው ጫፍ ላይ ድንገት ወደ ታች ይጠመዘዛል፤ በአንድ በኩል ግድግዳ፣ በሌላ በኩል ገደል ነው። በበልግ ጉም አይለየውም።

ሰውየው ጎማ ሊገዛ ሄደ። ሻጯ አንዲት ጠና ያለች ሴት ነበረች።

«በዚህች መኪና የት የት ነው የሚሄዱት?» አለችው።

«አብዛኛውን ጊዜ ከተማ ውስጥ ነው። በግንቦት ግን እህቴን ይዤ ቁልቁለቱን እወርዳለሁ።»

ሴትየዋ ሦስት ጎማ አንከባላ አቀረበችለት። «ይኼ እንደ በፊቱ ለደረቅ አስፋልት ነው፤ ይሮጥልዎታል። ይኼኛው ጭቃ ይቧጥጣል፤ አስፋልት ላይ ግን እንደ ትራክተር ይጮሃል። ይኼኛው ደግሞ ለሁሉም ወቅት የሚሆን ነው» አለችና በጎኑ ላይ የተቀረጸች ትንሽ የተራራ ምልክት አሳየችው። «በደረቅ መንገድ ከመጀመሪያው ትንሽ ያንሳል። በዝናብና በብርድ ግን አይከዳም። የመኪናዎን ክብደትና ፍጥነትም ይችላል፤ ቁጥሩን አይቼዋለሁ።»

«የቱን ብወስድ ይሻለኛል?»

«መንገዱን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት» አለችና መዳፏን ጎማው ላይ አሳረፈች። «አንድ ነገር ግን ልንገርዎ። መኪና የቱንም ያህል ጉልበት ቢኖረው መሬት የሚነካው ይቺን መዳፍ በምታህል ቦታ ነው። አራት መዳፍ። ከዚያ ሌላ መያዣ የለውም።»

ሳይገዛ ወጣ። ላስብበት አለ እንጂ የሚያስበው ነገር አልነበረም፤ መልሱን አውቆታል። ያሰጋው ሌላ ነገር ነው። እሁድ እሁድ መኪናቸውን አሰልፈው የሚጫወቱ ወዳጆች አሉት፤ ለእነሱ ስለ ተራራ ምልክቱ ጎማ ነገራቸው። ከሁሉም የሚያከብረው ወዳጁ ሳቀ። «ይቺን መኪና የአሮጊት ጫማ ልታደርግላት? አንበሳ ገዝተህ ጥርሱን ልትነቅል?» ሌሎቹም ተከትለው ሳቁ። እሱም አብሮ ሳቀ።

ከዚያ ወዲያ ያገኘውን ሁሉ ይጠይቅ ጀመር። መካኒኩ «ዋናው ነጂው ነው» አለው። የጎረቤቱ ሹፌር «ከጭቃው ጎማ ውጪ እንዳትነካ» አለው። አንዱ የመከረውን ሌላው ሲያፈርስበት ጭንቀቱ በየቀኑ እየበዛ ሄደ። ጧት ጧት ከቤት ሲወጣ መጀመሪያ የሚያየው ሰማዩን ሆነ። ደመና ካየ ቁርሱ አይወርድለትም፤ ጠራ ካለ ደግሞ «ይኸው፣ በከንቱ ነው የምጨነቀው» ይላል። እህቱ የሠርጉን ነገር ስታጫውተው እሺ እሺ ይላታል እንጂ አይሰማትም። «ልትሰጠኝ ከፍቶህ ነው አይደል?» ብላ አንድ ቀን አቀፈችው። እሱ በትከሻዋ አሻግሮ ሰማዩን አየ።

ሠርጉ ሳምንት ሲቀረው ወደ ጎማ ሻጯ ተመለሰ። «ባለ ተራራውን ስጪኝ» ሊል አፉን ሲከፍት የወዳጁ ሳቅ ጆሮው ላይ መጣበት።

«የበፊቱን ዓይነት» አለ።

ሴትየዋ አልተከራከረችውም። «ቁልቁለቱስ?» ብቻ አለችው።

«ቀስ ብዬ እወርዳለሁ።»

የሠርጉ ዕለት ጧት ሰማዩ ጥርት ብሎ ታየ። ሰውየው ሸክም የወረደለት መሰለው። መኪናዋን አበባ አለበሷት። አክስትየው ከፊት፣ ሙሽሮቹ ከኋላ ተቀመጡ፤ ስድስት መኪና ጥሩምባውን እየነፋ ተከተላቸው። እኩለ ቀን ሲያልፍ ከከተማ ወጡ።

ደጋው ጫፍ ሊደርሱ ሲሉ ነፋሱ ቀዘቀዘ። መጀመሪያ ጉም መጣ፤ ቀጥሎ ዝናብ፤ ቀጥሎ በረዶ። በረዶው ጣራውን እንደ ጠጠር ይደበድበው ገባ። አክስትየው «በረከት ነው! ዝናብ ያየ ሠርግ ይባረካል!» እያለች እልልታዋን አቀለጠችው። ሙሽሮቹ ይሳሳቃሉ። ሰውየው መሪውን በሁለት እጁ አንቆ ይዟል። የመስታወቱ መጥረጊያ ይንገጫገጫል፤ አሥር እርምጃ አርቆ ማየት አልተቻለም።

በአንዲት ረጋ ያለች ኩርባ ላይ መሪውን ወደ ግራ ሲያዞር መኪናዋ ወደ ቀኝ ሄደች። አንድ ክንድ ያህል ብቻ ነው። ወዲያው ተመለሰች። ማንም አላወቀም፤ እልልታውም አልተቋረጠም። እሱ ግን ከአናቱ እስከ እግሩ ቀዝቃዛ ውኃ የተቸለሰበት ያህል ሆነ። ቀስ ብዬ እወርዳለሁ ያለው ትዝ አለው። ቀስ ብሎ ነበር የሚነዳው። የተንሸራተተው ቀስ ብሎ እየነዳ ነው፤ ቁልቁለቱ ደግሞ ገና አልተጀመረም።

ልቡ ሁለት ነገር ነገረው። አንዱ «ሂድ፤ ስንቱ ሰው ከኋላህ አለ፤ ምን ልትላቸው ነው?» አለው። ሌላው ምንም አላለውም፤ በመስተዋቱ የእህቱን ፊት ብቻ አሳየው።

መኪናዋን ጥግ አስይዞ አቆመ።

ከኋላ ያሉት መኪናዎች ጥሩምባቸውን አንባረቁበት። ዋናው ሚዜ ኮቱን በራሱ ላይ አድርጎ እየሮጠ መጣ። «ምን ሆነ? ተበላሸች እንዴ?»

አዎ ቢል ኖሮ ከሐፍረት በዳነ ነበር። ሊልም ምላሱ ጫፍ ደርሶ ነበር። «አልተበላሸችም» አለ። «ጎማዬ ለዚህ መንገድ አይሆንም። እያወቅሁ ነው የገዛሁት።»

«እና አሁን ነው የምትነግረን? ሙሽራ ይዞ ወደ ኋላ አይመለስም! ታች አገር ምድሩ ቆሞ እየጠበቀን ነው!»

«ወደ ኋላ አትመለስም። በዚህች መኪና ግን አትወርድም።»

በረዶው እየወረደበት ወደ ኋላ ሄደ። በእያንዳንዱ መኪና ዘንድ በሠርግ ልብሱ እየተንበረከከ ጣቱን በጎማው ጥርስ ውስጥ እየከተተ ለካ። የአንዱ ተላጭቷል፤ የሌላው ከእሱ አይሻልም። ሰዎች በመስኮት እያዩ ምን ነካው ይባባላሉ። መጨረሻ ላይ ቀለሙ የተላላጠ፣ አንድ መስኮቱ በገመድ የታሰረ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ቆሟል፤ ከበሮ መቺዎቹንና ድስት አጣቢዎቹን የጫነ ነው። ጣቱን ቢከት ጥርሱ ጥልቅ ነው።

«ከፋሲካ በፊት ነው የቀየርኩት» አለው ሹፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ። «እኔ በዚህ መንገድ በሳምንት አራት ቀን ነው የምመላለሰው። በጎማ አልቀልድም።»

«ሙሽሮቹን አንተ ውሰድልኝ።»

ሹፌሩ የቀልድ መስሎት ሊስቅ ነበር። ፊቱን ሲያይ ተወው።

ሰውየው ወደ እህቱ ተመለሰ። መስኮቱን አወረደች። «ወንድም ጋሼ፣ እጅህ ለምን ይንቀጠቀጣል?»

«ፈርቼ ነው።»

ከተወለደች ጀምሮ ይህን ቃል ከአፉ ሰምታ አታውቅም። «ምን ፈራህ?»

«እስከ ዛሬ ሰው እንዳይስቅብኝ ነበር የምፈራው። በዚያ ፍርሃት ነው ይኼን ጎማ የገዛሁት። አሁን አንቺን እንዳላጣሽ ፈራሁ።»

እህቱ አበባውን አየች፤ አውቶቡሱን አየች፤ ባሏን አየች። ከዚያ ቀሚሷን ሰብስባ «ቬሎዬን ከኋላ ያዝልኝ፣ ጭቃ እንዳይነካው» አለችና ወረደች።

አንድ ዘመድ ከመኪናዋ ጋር ቀረ። የተላጨ ጎማ ያላቸውም ዝናቡ እስኪያባራ እዚያው ቆሙ። አውቶቡሱ በአንደኛ ማርሽ እያጓራ ቁልቁለቱን ወረደ። ሙሽሮቹና አክስትየው ከበሮ መሐል ተጨናንቀው ተቀመጡ፤ ወንድምየው በር ላይ ቆሞ በየኩርባው ትንፋሹን ይዞ ይለቃል። አንድም ነገር አልሆነም። በዚያ ቀን በዚያ መንገድ አንድም መኪና አልተገለበጠም። የጠበቋቸው ሰዎች አበባ የለበሰች መኪና ሲጠብቁ ሙሽራዋ ከቅጥቅጥ ላይ ከድስት አጣቢዎች ጋር ስትወርድ አዩ። መጀመሪያ አንዱ ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም ሳቀ። ሰውየው ማዕዱ ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ።

ባይቆም ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር እስከ ዛሬ አያውቅም። በሰላም ይደርሱም ይሆናል። ትክክል ነበርክ ብሎ የሚመሰክርለት አንድ ነገር እንኳን አላገኘም። በማግስቱ መንገዱ ሲደርቅ መኪናዋን ቀስ እያደረገ ወደ ከተማ መለሳትና አራቱንም ጎማ በባለ ተራራው አስቀየረ። ወዳጆቹ «አሮጊቷ መጣች!» እያሉ ሲቀልዱበት ከረሙ። ተቀለደበት እንጂ ወደ በፊቱ ጎማ አልተመለሰም። እህቱም ያን ቀን ለልጆቿ ስትተርክ እንባዋ እስኪወርድ ትስቃለች።

መምህር ላቀው ይህን ተናግረው ወደ ኅሩይ ዞሩ።

«ልጄ፣ የዚያ ሰው ፍርሃት አንድ አልነበረም፤ ሁለት ነበር። አንዱ ለራሱ የሚፈራው፣ አንዱ ለተሳፋሪው የሚፈራው። ሁለቱም ሆድ ያባባሉ፣ ሁለቱም እጅ ያንቀጠቅጣሉ፤ የተምታታብህም ለዚህ ነው። እንግዲህ ለየው። የተጠሩት እንግዶች ምን ይሉኛል የሚልህን አሸንፈው። ከዚያ ግድግዳ ሥር የሚቀመጡት ልጆች ምን ይሆናሉ የሚልህን ግን አድምጠው፤ ግድግዳው በሚገባ እስኪመረመርም አትፈርም።»

ኅሩይ መልሶ ጠየቀ፦ «ተመርምሮ ምንም የለውም ቢባልስ መምህር? ድንኳኑ ፈርሶ፣ እንግዳው ተመልሶ፣ ግድግዳው ደህና ሆኖ ቢገኝስ?»

«ይስቁብሃላ» አሉ መምህሩ። «ልጆቹም አድገው፣ ወልደው ከብደው ይስቁብሃል። ከዚህ የበለጠ ምን ትሻለህ?»